የኩሬው ቁና

አንድ ጊዜ፣ አህያ የሰው ጭነት መሸከም ሳትጀምር፣ ለራሷ አርሳ ለራሷ ነግዳ በምትበላበት ዘመን፣ ሸምበቆ ሜዳ በሚባል አገር እመት ዳልቻ የምትባል አንዲት አህያ ነበረች። አህያ እንዴት አርሳ ትበላለች ብላችሁ አትሞግቱኝ። ተረት ነው የምነግራችሁ። መሟገት ያማረው ፍርድ ቤት ይሂድ።

ሸምበቆ ሜዳ ወንዝ የለውም። ያለው አንድ ኩሬ ነው። ክረምት የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በድንጋይ ገድበው ያስቀሩታል፤ በጋውን ሙሉ አንበሳውም አይጧም ከዚያ ይጠጣሉ። ታዲያ ጎርፍ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ደለል ይዞ ነው የሚመጣው። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ደለሉ ካልተዛቀ፣ ግድቡም ካልተጠገነ፣ ኩሬው ኩሬ መሆኑ ይቀርና የጭቃ ማሳ ይሆናል። ዛቂዎቹ ከርከሮዎች ናቸው። ከርከሮ ለመቆፈር የተፈጠረ ነው። ነገር ግን በባዶ ሆዱ አይቆፍርም፤ ማንስ ይቆፍራል? ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ካመጣው ከአሥር አንዱን በሩ ላይ ይሰጣል። አሥር ቁና እህል ያመጣ አንድ ቁና፣ አሥር ቅል ማር ያመጣ አንድ ቅል። ይህም «የኩሬው ቁና» ይባል ነበር። ከርከሮዎቹ እሱን ይበላሉ፣ ኩሬው ይዛቃል፣ አገር ይጠጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ምን የሚያወሳስብ ነገር አለው?

አወሳሰቡት እንጂ!

ንጉሡ አንበሳ ሲያረጅ ኮረብታው ላይ ካለው ዋሻ መውረድ ሰለቸውና «በሩን የሚጠብቅልኝ ጉልበተኛ ሹም ፈልጉ» አለ። ጉልበተኛ ሲባል የተገኘው ማን መሰላችሁ? አያ ጅቦ! ያሳመነውም አማካሪው ቀበሮ ነው።

«ጌታዬ፣ አያ ጅቦ እኮ እህል አይበላም» አለ ቀበሮ። «እህል የማይበላ ደግሞ እህል አይሰርቅም።»

«እውነትህን ነው!» አለ አንበሳው፣ እያዛጋ። እያዛጉ የሚሾሙት ሹም ምን እንደሚያመጣ ቀጥላችሁ ስሙ።

አያ ጅቦ ሆዳምነቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያልሰማችሁት፣ ከሦስት በላይ መቁጠር እንደማይችል ነው። አንድ የግንቦት ቅዳሜ እመት ዳልቻ አሥር ቁና ገብስ ጭና በሩ ላይ ደረሰች። አያ ጅቦ ቁናውን በገብስ ሞላ። ከሞላ በኋላ ቆለለ። ከቆለለ በኋላ ደግሞ በሁለት መዳፉ ጠርዙን አቅፎ፣ የሚፈሰውን እየመለሰ ተራራ አደረገው።

«አንድ» አለ።

«እንዴት አደርክ አያ ጅቦ? ቤተሰብ ደህና?» አለች እመት ዳልቻ፣ ጨዋ ናትና።

«ደህና፣ ተመስገን። ልጆቹም ደህና፣ እናታቸውም ደህና... ስንት ብዬ ነበር?»

«አንድ ብለህ ነበር።»

«አዎ፣ አንድ!» አለና እንደገና ቆልሎ ሰፈረ። «ይኸው፣ አንድ።»

«ኧረ አያ ጅቦ፣ ይቺ እኮ ሁለተኛዋ ናት!»

«ሁለት የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል? አልወጣም። አታደናግሪኝ» ብሎ ሦስተኛውን ቆልሎ ዛቀ። «አሁን ገና አንድ ሆነ። እለፊ!»

አያችሁልኝ? በሸምበቆ ሜዳ በር ላይ ሰላምታ መስጠት እህል ያስከፍል ነበር። ነጋዴው ሁሉ ቀስ በቀስ ነቃና አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ ማለፍ ጀመረ። ዝም ላለም ቢሆን አያ ጅቦ በራሱ ጊዜ ይስታል፤ ዝንብ ስታልፍ ይስታል፤ ሲያስነጥሰው ይስታል። ሲስት ደግሞ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ስቶ አያውቅም።

እመት ዳልቻን የቆጫት ግን ገብሷ ብቻ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ኩሬው አልተዛቀም። ባለፈው መጋቢት ውሃው አለቀና፣ ገና ሳምንት ያልሞላትን ውርንጭላዋን አስከትላ የሁለት ቀን መንገድ ወደ ታችኛው ወንዝ ወረደች። ውርንጭላዋ ሁለተኛውን ቀን አላየችውም። መንገድ ላይ፣ አንድ ግራር ሥር ቀረች። ባሏስ ትሉኝ ይሆናል። ተዉት እሱን! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ እንኳንስ ከጥም። አሁን እመት ዳልቻ እንደገና አርግዛለች፤ የምትወልደውም በሚመጣው መጋቢት ነው። ከልጇ መቃብር የተመለሰች ቀን አንድ ነገር ወስናለች፤ ይህ ኩሬ ክረምት ሳይገባ ይዛቃል። አህያ ደግሞ ከወሰነች ወሰነች ነው።

የዚያን ቀን ከበሩ አልፋ ዋርካው ሥር ስትደርስ፣ ገበያው ጭር ብሏል። ድሮ አቧራው ፀሐይ የሚሸፍን ገበያ፣ አሁን እሷና ሁለት ዶሮዎች ብቻ ቀርተውበታል። «ጉድ እኮ ነው! ሁሉም ቤት ጨው አለ፣ ሁሉም ቤት በርበሬ አለ። ከየት እየገዙት ነው?» ብላ አሰበች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ገብሷን ጭና፣ የፍየልን ኮቴ ተከትላ ሄደች።

ኮቴው ከሜዳው ጀርባ፣ እሾህ ወደ ሸፈነው ገደል ወሰዳት። የገደሉ አፍ ላይ ቀበሮ ድንጋይ ላይ ጉብ ብሎ ተቀምጧል።

«እንኳን ደህና መጣሽ እመት ዳልቻ!» አለ። «ዘገየሽ እንጂ እንደምትመጪስ አውቄ ነበር። እዚህ ጅብ የለም፣ ቁልል የለም። ከአሥር ሁለት ብቻ ለእኔ ትሰጫለሽ። በልክ እሰፍራለሁ፤ ዘበኛ ብቅ ሲል ደግሞ አስጠነቅቃለሁ።»

«ሁለት? የኩሬው ቁና አንድ አይደለም እንዴ?»

«በሕጉ አንድ ነው። በአያ ጅቦስ ስንት ነው?»

 ሦስት መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል።

አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ብትመለከት፣ አገር ምድሩ እዚያ ነው! ዝንጀሮው፣ ጦጣው፣ በጉ፣ ቆቁ፣ ሁሉም በሹክሹክታ ይገበያያል። ፍየሊት በርበሬዋን ዘርግታለች።

«እቴ ፍየሊት! አንቺም?»

ፍየሊት አፈረች፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። «ምን ላድርግ እመት ዳልቻ? ስምንት ዓመት ከፍያለሁ። ድሮ ከፍዬ ስመለስ ከርከሮዎቹ ሲዝቁ አያለሁ፣ አንጀቴ ይርሳል። አሁንስ ከፍዬ ምን አየሁ? ጭቃ! ጭቃ ለማየት በርበሬዬን የምሰጥ ምን ነክቶኝ ነው?»

ከአጠገቧ ጎደሬ የሚሸጥ ጃርት ነበር። ይህ ጃርት በበር ገብቶ አያውቅም፤ ከአጥሩ ሥር የራሱ ጉድጓድ አለው። እሱም ተቀበለና «እኔ መክፈሉን አልጠላም ነበር» አለ። «ነገር ግን የንጉሡ ማር ቀንድ እየተነፋለት ያልፋል፣ የነብር ቤት እየተጎማለለ ያልፋል። እኔ ጃርቱ ብቻዬን አገር ላቁም? ሞኝ ብለው ይስቁብኛል።»

«ውሃውን ግን ትጠጣለህ።»

«ካለ እጠጣለሁ። ከሌለ ጤዛ ልሼ አድራለሁ፤ ሆዴ እንደናንተ ሰፊ አይደለም።»

እመት ዳልቻ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት «ኡኡ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፍየሊት ናት። ሦስት ቁና በርበሬ ሰጥታ ከዝንጀሮው የገዛችውን አሞሌ ጨው ብትልሰው፣ ላዩ ብቻ ጨው የተቀባ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ዝንጀሮው የዓመት ድካሟን በጉያው ይዞ ገደሉን ወጥቷል።

«ዝም በይ! ታስይዢናለሽ!» አሏት ከየአቅጣጫው።

ፍየሊት እየሮጠች ቀበሮው ዘንድ ሄደች። «ዳኝነት! ሁለት ቁና ከፍዬሃለሁ፣ ዳኘኝ!»

«የት ገበያ ላይ ተገበያየሽና?» አለ ቀበሮ። «እዚህ እኮ ገበያ የለም።»

ፍየሊት ድንጋዩን ታቅፋ ቁጭ አለች። በዋርካው ሥር ቢሆን ሽማግሌ ነበር፣ ዳኛ ነበር፣ አጭበርባሪውን የሚያሳድድ ነበር። እዚህ ማንን ትክሰስ? ከሳሹም ተከሳሹም ተደብቀው የገቡ ናቸው።

እመት ዳልቻ ግን ሌላ ነገር አየች። ከቀበሮው ኋላ፣ በቅጠል የተሸፈነ የእህል ክምር አለ። ገብስ ከጤፍ፣ ጤፍ ከአተር፣ አተር ከማሽላ ተደባልቆበታል። እንዲህ ያለ እህል ከማንም ማሳ አይወጣም። ከየነጋዴው የተለቀመ፣ ከበሩ ጎተራ የመጣ ነው። ቀበሮው ዓይኗን አየና ቅጠሉን አስተካከለ።

«የዘመድ አደራ ነው» አለ። «ይልቅ ግቢ። ደግሞ ለኩሬ የምትጨነቂው ከመቼ ወዲህ ነው? ‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል› የምትሉ ዘሮች አይደላችሁ?»

«እሱን ያለችው አንዲት አህያ ናት፤ እስከ ዛሬም ሁላችን እንሰደብባታለን» አለች እመት ዳልቻ። «እኔ የምለው ሌላ ነው። ልጄ የሚግጠው ሰርዶ ይብቀል ነው የምለው። አልገባም።»

ይህን ብላ ዞራ ሄደች። ቀበሮው ከኋላዋ ሳቀ። ሳቁ ብዙም አልቆየም።

በማግስቱ እርግዝናዋን ይዛ ኮረብታውን ወጣች። ሦስት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች፤ አንድ ጊዜም ተንሸራታ በጉልበቷ ወደቀች። አንበሳው ዋሻው አፍ ላይ ተጋድሟል፤ ቀበሮው እንደ ወትሮው ከጎኑ አለ።

«ኩሬው እየሞተ ነው ጌታዬ» አለች።

«ቁናው አይሰበሰብም ማለት ነው?» ብሎ አንበሳው አጉረመረመ። «እንግዲያው አያ ጅቦ አጥሩን ያጥብቅ! ሲሾልክ የተገኘውን ይዘልዝል!»

«ግሩም ሐሳብ ነው ጌታዬ!» አለ ቀበሮ። ግሩም ነዋ! አጥሩ በጠበቀ ቁጥር የገደሉ ዋጋ ከሁለት ወደ ሦስት ይወጣል።

እመት ዳልቻ አልተነቃነቀችም። «ጌታዬ፣ ከዚህ ሆነው ኩሬው ይታይዎታል?»

«እንዴታ! ያው ያብረቀርቃል።»

«የሚያብረቀርቀው እርጥብ ጭቃ ነው። ይውረዱና በእግርዎ ይርገጡት። ካልሆነ ከዚህ አልሄድም።»

«አልሄድም?» አለ አንበሳው፣ ጆሮውን ባለማመን።

«አልሄድም። ቢበሉኝ ይብሉኝ። ያለ ውሃ የምወልድ ከሆነ ያው ሞት ነው።»

አንበሳው ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያናገረው አልነበረም። ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ ወረደ። ንጉሡ ወረደ መባሉ ሲሰማ አገር ሁሉ ኩሬው ዳር ተሰበሰበ። አንበሳው የፊት እግሩን ወደ ኩሬው ሰደደ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ዋጠው። ነቅሎ ለማውጣት ሁለት ነብር ጎተተው። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ግን አየ።

«ከርከሮ!» ብሎ አገሳ። «ለምን አልዛቃችሁም?»

የከርከሮዎቹ አለቃ ጎድኑ የሚቆጠር ሽማግሌ ነበር። «ጌታዬ፣ ሁለት ዓመት አንዲት ፍሬ አልቀመስንም። ባዶ ሆድ ይዘን ምን እንዝቅ?»

አንበሳው ወደ ጅቡ ዞረ። «አንተ! እህሉን በላኸው!»

«የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!» ብሎ ማለ አያ ጅቦ። «አንዲት ፍሬ ከንፈሬን ከነካች! ኧረ ለመሆኑ እህል የሚፈጭ ጥርስ የት አለኝ?»

«አላልኩም ጌታዬ?» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ። «አያ ጅቦ እህል አይበላም።»

«እውነት ነው፣ አይበላም» አለች እመት ዳልቻ፤ ወደ ጅቡም ጠጋ አለች። «እንዴት ዋልክ አያ ጅቦ? ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና፣ ተመስገን።»

«ልጆቹስ ጠግበው ያድራሉ? ዘንድሮ ኑሮው እንዴት ነው?»

«ኧረ ዘንድሮስ ተመስገን ነው! ቤቱ አጥንት በአጥንት ሆኗል! ለአንድ ጭነት እህል አንድ የበሬ ቅልጥም ነው የሚሰጠኝ፤ ቀበሮ መቼም ለነገር...» ቀበሮው ጅራቱን ረገጠው። አያ ጅቦ ዓይኑን አቁለጨለጨ። «...ስንት ብዬ ነበር?»

አገር በሳቅ ፈነዳ። አንበሳው ሲያገሳ ሳቁ ቀጥ አለ።

«ምን ላድርግ ጌታዬ!» ብሎ አያ ጅቦ መሬት ላይ ተደፋ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲሉ ሰምቼ ነው!»

ሁሉም ወደ ቀበሮው ዞረ። ቀበሮ አልሸሸም። ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፦

«ገደሉን እኔ አልቆፈርኩትም። በሩ ላይ አንዱ ሦስት ሲሆንባቸው መጡ። ትልልቆቹ ሳይከፍሉ ሲያልፉ አይተው መጡ። የከፈሉትም ጭቃ ሆኖ ሲቀር ተስፋ ቆርጠው መጡ። እኔ አፉ ላይ ተቀመጥኩ እንጂ አንዱንም ጎትቼ አላስገባሁም።»

ሌባ ነው፤ የተናገረው ግን እውነት ነበር። እውነት ከሌባ አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚያንገበግብ የሰማ ያውቀዋል። ፍየሊት መሬት መሬት አየች፤ ጃርቱ እሾሁን ሰበሰበ።

«እንግዲያው ገደል የገባውን ሁሉ እቀጣለሁ!» አለ አንበሳው። «አንድ በአንድ!»

ሕዝቡ ተርበደበደ። እመት ዳልቻ ወደ ፊት ወጣች። እኔ ብሆን ሮጬ ነበር፣ እሷ ግን አልሮጠችም።

«ጌታዬ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አይሁንብን። ሁሉን ከቀጡ ነገ የሚከፍለው ማን ነው? ነገሩ የተበላሸው ከበሩ ነው፤ የሚቃናውም ከበሩ ነው። በበሩ ያለፈ ደግሞ ጅብ ያልነካው አንድ ጭነት አለ። የእርስዎ ማር ነው።»

ነብሮቹ አጉረመረሙ። «የንጉሥ ቤት ይከፍላል እንዴ?» አለ አንበሳው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው።

«የንጉሥ ቤት ይጠጣል?»

አንበሳው በጥም የደረቀ አፍንጫውን ላሰ። ከጠጣ ቀን አልፎታል። «ይጠጣል» አለ።

«እንግዲያው ይከፍላል።»

 አንበሳው ጭቃ የለበሰ እግሩን አየ፣ የከርከሮውን ጎድን አየ፣ የእመት ዳልቻን ሆድ አየ። «ይከፍላል» አለ በመጨረሻ። «ያለፈውንም ይከፍላል።»

ሁሉም በመገረም አንበሳውን ሲያይ ቀበሮው በመሃል ተሰወረ። ያው ቀበሮ ነው፤ ሌላ ገደል አያጣም። በክምሩ የቀረው እህል ግን በዚያው ዕለት ለከርከሮዎቹ ተሰጠ። አያ ጅቦ ከሹመቱ ተሽሮ በከርከሮዎቹ ሥር ጭቃ ተሸካሚ ሆነ። አንድም ጊዜ ስንት ጭነት እንደ ተሸከመ ለማወቅ አልቻለም፤ ስለዚህ አላማረረም።

ሕጉ ደግሞ እንዲህ ተስተካከለ። ቁናው ዋርካው ሥር፣ ሁሉም እያየ፣ አፉ በእንጨት እየተጠረገ በልክ ይሰፈራል፤ ከጠርዙ የፈሰሰው ለባለቤቱ ይመለሳል። የተሰበሰበውም ሳያድር ኩሬው ዳር ሄዶ ለዛቂዎቹ ይታደላል። ሰፋሪዋ ማን ትሁን ሲባል፣ ሁሉም ወደ እመት ዳልቻ ጠቆመ።

ክረምቱ ሊገባ ሦስት ቅዳሜ ብቻ ቀርቶ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የመጣው አንበሳው ብቻ ነው። ያለፈውን ጨምሮ ስድስት ቅል ማር ሰጠ፤ እመት ዳልቻም የራሷን አንድ ቁና ጨመረች። ሌላው የት አለ? ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ተሸሽጎ ያያል። «ይሄም እንደ በፊቱ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ያበቃል» ይባባላል። እመት ዳልቻ አልተቆጣችም። ሁለት ዓመት የተታለለ በአንድ ቅዳሜ አያምንም። ማሩ በእህል ተለወጠ፣ ከርከሮዎቹ በሉ፣ ከሰዓት በኋላ ጭቃው መውጣት ጀመረ። የቁጥቋጦው ሕዝብ ዓይኑን ከጭቃው ክምር ላይ መንቀል አቃተው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ፍየሊት ብቻዋን መጣች። «እስቲ ስፈሪልኝ» አለች እያመነታች። እመት ዳልቻ አንድ ቁና በርበሬ ሰፍራ አፉን በእንጨት ጠረገችና የፈሰሰውን መለሰችላት።

«ይሄ የኔ ነው?» አለች ፍየሊት።

«የማን ይሆናል ታዲያ?»

ፍየሊት አለቀሰች። እፍኝ በማትሞላ በርበሬ አለቀሰች ብላችሁ አትሳቁባት። እፍኟ አይደለም ያስለቀሳት፣ መመለሷ ነው። ያን ቀን እስከ ማታ ሌሎችም መጡ። በሦስተኛው ቅዳሜ በጉ መጣ፣ ጦጣው መጣ፣ ነብሮቹም ጥርሳቸውን እያፋጩ መጡ።

ዝናቡ ግን አልጠበቃቸውም። ሦስተኛው ቅዳሜ ሳይመሽ ሰማዩ ተቀደደ፤ በምሥራቅ በኩል ያለው የኩሬው ጥግ ሳይዛቅ ቀረ። ጎርፉ ግድቡን ሲመታ አንዱ ወገን ተሸነቆረ። እመት ዳልቻ ድንጋይ በጀርባዋ ጭና ሮጠች። «አንቺ፣ እርጉዝ ነሽ!» ብለው ጮኹባት። «ስለሆንኩ ነው!» አለች። ከርከሮው ደፈነ፣ ነብሩ ተሸከመ፣ ፍየሊት ጭቃ ረገጠች፣ አንበሳው ደረቱን ለጎርፉ ሰጥቶ ቆመ። ግድቡ ያዘ።

መጋቢት ገባ። ዙሪያው አገር ሁሉ ደረቀ፤ በሸምበቆ ሜዳ ኩሬ ግን ውሃው እስከ ጉልበት ነበር። እመት ዳልቻ ከውሃው ሃያ እርምጃ ርቃ ወለደች። ወንድ ነው፣ ጆሮው ከራሱ ይበልጣል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጇን አስከትላ ልትጠጣ ስትወርድ፣ ሳሩ ውስጥ ተሸሽጎ የሚጠጣ አንድ እሾሃም ነገር አየች። ጃርቱ ነው። አንድ ቀን ከፍሎ አያውቅም።

«ጤዛው አልበቃ አለህ?» አለችው።

ጃርቱ ደነገጠ። «አትናገሪብኝ እመት ዳልቻ!»

«ጠጣ። ውሃ አይከለከልም። ብቻ እዚያ በምሥራቅ በኩል ያለው ጥግ ይታይሃል? ሳይዛቅ የቀረው፣ አሁን ጭቃ የሆነው። እሱ ያልከፈላችሁት ድርሻ ነው።»

ጃርቱ ወደዚያ ዞሮ አየ። ውርንጭላው ነገሩ ሳይገባው ወደዚያው ጥግ እየዘለለ ሄደና ሁለት እግሩ ጭቃው ውስጥ ተሰነቀረ። አቃሰተ፣ ተንፈራገጠ፣ ይባስ ሰመጠ። እመት ዳልቻ እየጮኸች ተንደረደረች፤ ጃርቱ ግን ለጥጉ ይቀርብ ነበርና ቀድሟት ደረሰ። ከሆዱ ሥር ያለውን ጭቃ በጥፍሩ እየማሰ አወጣ፤ እሷ በጥርሷ አንገቱን ይዛ ጎተተች። ውርንጭላው ወጣ። እናቱ ሥር ሆኖ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ውሃ ጠጣ። እስኪበቃው ጠጣ።

ጃርቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቆሞ አየው። 

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥር ቁና ጎደሬ ተሸክሞ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ አገር እያየው፣ በበሩ ገባ።

«ስፈሪ» አላት። «በልክ።»

እመት ዳልቻ በልክ ሰፈረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰፋሪ ሲሰርቅ፣ ትልቅ ሳይከፍል ሲያልፍና የተከፈለው ሲጠፋ ገበያው ገደል እንደሚገባ፣ በሩ ከተቃና በኋላም ከጋራ ኩሬ የሚጠጣ ሁሉ የድርሻውን ቁና ካልሰጠ እሱ ባለመክፈሉ የቀረው ጭቃ የሌላውን ልጅ እንደሚውጥ ነው።